የ40 ዓመት ካርታ ላይ ረግረግ፣ ዛሬ የሩዝ ማሳ፦ የጣናን ዳር ካርታ እንዴት ነው የምናነበው?

የናቤጋ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን ፎገራ፣ ናቤጋ አካባቢ ናቸው። አጎቴ በደርግ ጊዜ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሣጥኑን ሲያራግፍ ሁለት የድሮ ካርታዎች አወጣ። ሁለቱም 1:50,000 ናቸው። አንዱ ባሕር ዳርንና ዙሪያዋን ይዟል፣ ሌላኛው የፎገራን የጣና ዳር።

ወረቀቱ ስምንት ቦታ ታጥፎ ኖሮ ማጠፊያው ላይ ተበጣጥሷል። አጎቴ ከጀርባው በቁስል ፕላስተር ለጣጥፎታል። ቀለሙ ግን አልደበዘዘም። ሐይቁ ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። ከሐይቁ ዳር ጀምሮ ወደ ምሥራቅ አጫጭር ሰማያዊ ሰረዞች ተደርድረዋል፣ በሰረዞቹ ላይ ትንንሽ የሣር ቁጥቋጦ ተሥሏል። ምልክቱ ረግረግ ማለት ነው። እኔ የማውቀው ግን እዚያ ቦታ ላይ ሩዝ ነው። ሕፃን ሆኜም ሩዝ ነበር።

ሁለቱንም ስካን አስደርጌ ኮምፒውተር ላይ ከሳተላይት ምስል ጋር አነባበርኳቸው። ደነገጥኩ። ባሕር ዳር ላይ የድሮው የሐይቅ ዳር 200 ሜትር ያህል ወደ ከተማው ገብቶ ይታያል። ፎገራ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጣና ይህን ያህል ሸሽቷል ማለት ነው? ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ቀያሽ ነበርኩ

ልጄ፣ ጥሩ ሥራ ሠርተሃል። አጎትህም ወረቀቱን ይህን ሁሉ ዘመን መጠበቁ ያስመሰግነዋል። ከመደንገጥህ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከካርታው ግርጌ፣ ኅዳጉ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አንብበኸዋል?

እዚያ "አዲንዳን" የሚል ቃል ታገኛለህ። አዲንዳን በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ያለች የቅየሳ መነሻ ነጥብ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካኖች ከመንግሥታችን ጋር የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠኑ፣ የቅየሳ መረቡን ከዚያች ነጥብ ጎትተው ነው ወደ እኛ ያስገቡት። ከዚያ ወዲህ የአገራችን ካርታ ሁሉ ለብዙ ዘመን በእሷ ላይ ቆመ። ስልክህና የሳተላይት ምስሉ የሚጠቀሙት ግን ሌላ የመሬት ልኬት (ዳተም) ነው። ካርታው ላይ የታተመውን ባለ 1 ኪሎ ሜትር ፍርግርግ ቁጥር እንዳለ ካስገባኸው፣ ካርታህ በሙሉ 200 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ገደማ ደግሞ ወደ ምዕራብ ተንሸራቶ ይቀመጣል።

አሁን አስበው። ባሕር ዳር ያለችው በሐይቁ ደቡብ ዳር ነው። ካርታህ ወደ ደቡብ ሲንሸራተት የድሮው ውኃ ወደ ከተማው ይገባል። 200 ሜትር ያልከው ከዚያ የመጣ ነው። ሐይቁ አልሸሸም፤ ካርታህ ነው የተንሸራተተው።

ሰብለ ካርታ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ቢሮ ውስጥ በየሳምንቱ የሚገጥመኝ ስህተት ነው። የናቤጋ ልጅ፣ ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለውን የካርታ ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ ስካኑን ስታስገባ የቅንብሩን ኮድ 20137 በለው። አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ማለት ነው። ከዚያ ሳተላይት ምስሉ ወደሚጠቀመው ልኬት፣ ወደ 32637 ቀይረው፣ ልዩነቱን ራሱ ያስተካክለዋል። ሲቀይር የትኛውን ማስተካከያ ልጠቀም ብሎ ከጠየቀህ ለኢትዮጵያ የተሰጠውን ምረጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከታጠፈ ወረቀት ላይ አራቱን ማዕዘን ብቻ ይዘህ አትሥራ። ወረቀት ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። በ1:50,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው፤ የአጎትህ ፕላስተር ብቻውን 50 ሜትር ሊበላብህ ይችላል። የፍርግርጉን መገናኛዎች ሃያ ሠላሳ ቦታ ያዝ፣ በተለይ ማጠፊያው ግራና ቀኝ። ከዚያ ከጊዜ ብዛት የማይነቃነቅ ነገር ፈልገህ አረጋግጥ። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ይሻላል። የጣና ዳር ቤተ ክርስቲያኖች ቦታቸውን አይለቁም።

ደልጊ

ይሄ እኔንም አነቃኝ! እኔ በደምቢያ በኩል ነኝ፣ ከሐይቁ ሰሜን። ከዓመት በፊት ተመሳሳይ ካርታ ሳነባብር የእኔ ተቃራኒ ነበር። የዛሬው ውኃ የድሮውን ዳር 200 ሜትር አልፎ የብስ ላይ ወጥቶ ታየኝ። ደለል ሐይቁን እየሞላው ውኃው ወደ እኛ እየገፋ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ለካ ያው አዲንዳን ነው! በደቡብ የሸሸ ያስመስላል፣ በሰሜን የመጣ ያስመስላል።

ቀያሽ ነበርኩ

@ደልጊ እንዲያ ነው። በምሥራቅ ዳር፣ ማለትም በፎገራ በኩል ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ካርታው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውኃው ነው የተንሸራተተው። ስለዚህ ልዩነቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈጥረውም። የናቤጋ ልጅ፣ የፎገራው አንድ ኪሎ ሜትርህ ሲስተካከል ትንሽ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እሱ በዳተም አይመለስም፣ ሌላ ምክንያት አለው።

የናቤጋ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰብለ፣ አንቺም። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ባሕር ዳር ላይ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ልክ ቦታው ገባ። የሐይቁ ዳርም ከዛሬው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም፤ የሚለያየው ሰው አፈር ደፍቶ የገፋባቸው ቦታዎች ላይ ነው። እንደተባለው የፎገራው አልተስተካከለም፣ እንዲያውም ሰፋ።

ሰብለ ካርታ

ያነባበርከው የሳተላይት ምስል የየትኛው ወር ነው?

የናቤጋ ልጅ

አሁን አየሁት። የግንቦት ነው።

ሰብለ ካርታ

በቃ፣ አንዱ ምክንያት ተገኘ። ጣና በዓመት ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ክረምቱ ሲያልቅ፣ በመስከረም ገደማ ይሞላል። ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ይላል። በመሙላቱና በመውረዱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ዘጌ ላይ ብትቆም 1.5 ሜትር ምንም አይደለም። ዳሩ ቀጥ ያለ ድንጋይ ስለሆነ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከዳሩ አይርቅም። ፎገራ ግን ሜዳ ነው። ሜዳው በ1 ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ቢሆን 1.5 ሜትር ውኃ ሲወርድ ዳሩ 1.5 ኪሎ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ! በመስከረም በታንኳ የምታልፍበት በግንቦት ከብት ይሰማራበታል።

የድሮው ካርታ የተሠራው ከአየር ፎቶ ነው። አየር ፎቶ ደግሞ ደመና በሌለበት በበጋ ነው የሚነሳው፣ ብዙ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው። በታኅሣሥ ውኃው ገና አልወረደም። አንተ የታኅሣሥን ሐይቅ ከግንቦት ሐይቅ ጋር ነው ያወዳደርከው።

የወረታ ልጅ

እኛ አካባቢ ይሄን ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። ባሕር ሸሽ ይባላል። ውኃው ሲሸሽ የሚለቀው መሬት ነው። ውኃው እንደለቀቀ በእርጥበቱ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። ክረምት ሲመጣ ባሕሩ መሬቱን ይመልሳል። የእኔ አባት መሬቱን "ከባሕሩ የተዋስነው ነው" ይለው ነበር። ጠቡም ያለው እዚያው ላይ ነው። የውኃው ዳር በየዓመቱ የሚሄድ ከሆነ ወሰኑ የት ነው? አንዱ የወል ግጦሽ ነው ይላል፣ አንዱ እኔ ነኝ ያቀናሁት ይላል። አንድ ቢሮ ሄደን ካርታ አሳዩን ስንል ያሳዩን ሐይቁን በአንድ መስመር ብቻ ነበር። መስመሩ የመስከረም ይሁን የግንቦት የሚነግረን አላገኘንም። ሁለት ጎረቤት ቤተሰቦች በዚያ ሰበብ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ቀያሽ ነበርኩ

@የወረታ ልጅ ይሄ የተናገርከው ልቤን ነካው። እኛ በወጣትነታችን መስመሩን ስንሥል እንደዚያ ይሆናል ብለን አላሰብንም ነበር። የሐይቅ ዳር በካርታ ላይ በአንድ ቀን የታየ ነገር ነው፣ ወሰን አይደለም። ሕግ ፊት ሲቀርብ ግን ወሰን ሆኖ ይቀራል።

ሰው ሁሉ የሚስተው ሌላም ነገር አለ። በ1:50,000 ካርታችን ላይ የከፍታ መስመሮቹ ልዩነት 20 ሜትር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከሐይቁ ቀጥሎ የምታገኘው መስመር 1,800 ነው። በዘጌ ኮረብታ ሥር 1,800 ለሐይቁ ቅርብ ነው። በፎገራ ግን ከዳሩ ተነስተህ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዘህ ነው የምታገኘው። በዚያ ሁሉ መሀል አንድም የከፍታ መስመር የለም። 14 ሜትር ከፍታ ሙሉ በሙሉ ባዶ! የዚያን አገር መልክ የሚነግርህ ያ የረግረግ ምልክት ብቻ ነው። ቆላማው የት እንደሆነ፣ ውኃ የት እንደሚተኛ፣ ወንዙ ሲሞላ የት እንደሚፈስ የምታውቀው ከዚያ ነው። ስለዚህ ካርታውን ስታይ የሐይቁን መስመር ተወውና ሰማያዊ ሰረዞቹን ተከተል።

ታሪክ ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ጋሼ ያሉትን ከኋላ ልደግፈው። የጣና ካርታዎች ረግረጉን ለምን ችላ እንዳሉት ለማወቅ ካርታዎቹ ለምን እንደተሠሩ ማየት ያስፈልጋል።

በጥንቱ ካርታ ሐይቁ "የደምቢያ ባሕር" ነበር የሚባለው። በ17ኛው መቶ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያን ሠርተውታል፣ እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ጄምስ ብሩስም ሠርቶታል። የእነሱ ጥያቄ የዓባይ ምንጭ የት ነው የሚል ነበር። ሐይቁ ምንጩ አጠገብ ያለ ትልቅ ክብ ሆኖ ተሣለ። ከዚያ የእንግሊዝ ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሐይቁን አጠኑ። ጥያቄያቸው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በር ላይ ግድብ ቢሠራ ስንት ውኃ ይጠራቀማል የሚል ነበር። ውኃው የሚፈለገው ለሱዳንና ለግብፅ ነው። ቀጥሎ ችስማን የሚባለው የእንግሊዝ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ ሐይቁንና የዓባይን መንገድ እየዞረ መዘገበ። ደሴቶቹንና ገዳማቱን በፍቅር የጻፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ጣሊያኖች፣ በዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ልከው የሐይቁን ጥልቀት ለኩ። ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ መሆኑን ያወቅነው ከእንደዚህ ያለ ሥራ ነው። ለዚህ ስፋት 14 ሜትር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ አስቡት። ጣና ሰፊ ሰሐን ነው፣ ሰሐኑ ትንሽ ሲዘነብል ውኃው ሩቅ ይሄዳል።

እንግሊዙ ስለ ግድብ፣ ጣሊያኑ ስለ ግዛቱ፣ አሜሪካው ስለ መስኖና ኃይል ነበር የሚለካው። ለእነዚህ ሁሉ ረግረጉ ወይ እንቅፋት ነበር ወይ ባዶ መሬት። ማንም ደንገል ቆራጩን ይሄ ቦታ ለአንተ ምንህ ነው ብሎ አልጠየቀም።

ደንገል

@ታሪክ ወዳድ እኔን ጠይቀኝ። እኔ ነገደ ወይጦ ነኝ፣ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ነው።

ካርታው ሣር ያለው ለእኛ ቤት ነው። ደንገል አንድ ዓይነት አይደለም። ጥልቀት ያለው ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ግንዱ ወፍራም ነው፣ ለታንኳ ጥሩ ነው። ዳር ዳሩን ያለው ቀጭን ነው። ፊላም አለ፣ ለሌላ ነገር ይሆናል። አባቴ ታንኳ ሲሠራ ደንገሉን ቆርጦ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ከዚያ እያሰረ ያጠጋጋዋል፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ይቀስረዋል። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ማታ ማታ ከውኃ አውጥቶ ዛፍ ላይ ያስደግፈዋል፣ ጠዋት ቀሎ ይገኛል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሌላ መሥራት ያስፈልጋል። ሌላ ለመሥራት ደግሞ ደንገሉ ቅርብ መኖር አለበት።

በእኔ ልጅነት ደንገል ለመቁረጥ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነበር። አሁን ሰዎቻችን በታንኳ ሩቅ ሄደው ነው የሚያመጡት። የናቤጋ ልጅ፣ የባሕር ዳሩ ካርታህ ላይ የረግረግ ምልክቱ ከዓባይ መውጫ ወደ የት በኩል ይሄዳል? ደብረ ማርያም ጋ ምን ይላል?

የናቤጋ ልጅ

@ደንገል ወንድሜ፣ አሁኑኑ ዘርግቼ አየሁት። ከዓባይ መውጫ ግራና ቀኝ ምልክቱ አለ። ደብረ ማርያምን ዙሪያዋን ከብቧታል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ኢንፍራንዝ ወንዝ ሐይቁን የሚገናኝበት ቦታ ላይ በሰፊው ተሥሏል። ዛሬ በሳተላይት ሳየው የኢንፍራንዙ ከፊሉ አለ። ከተማው ዳር ያለው ግን ሆቴል፣ መናፈሻና ግንብ ሆኗል።

ደንገል

አመሰግናለሁ። ያንን ክፍል ፎቶ አንስተህ ብትልክልኝ አባቴን አሳየዋለሁ። ማንበብ አይችልም፣ ደሴቷን ግን ያውቃታል።

ደልጊ

አንድ ጥያቄ አለኝ። ውኃው ሲሸሽ ሁሉም በወር የሚመጣ ልዩነት ነው ካልን የጨረጨራው በርስ? ዓባይ መውጫ ላይ ያለው።

ሰብለ ካርታ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በር በ1988 ዓ.ም. ገደማ በሁለት መዝጊያ ጀመረ፤ በ1993 ገደማ አምስት ተጨመሩለት። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ እንደ ድሮው በራሱ ብቻ አይወጣም አይወርድም፣ የሰው እጅ አለበት። በበሩ ውኃው ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ይለቀቃል፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ለጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በሌላ በኩል ይወሰዳል። በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ገደማ ሐይቁ በጣም ወርዶ ነበር፤ መርከቦች ቆሙ፣ ብዙ ደንገልም ደረቀ። ያንን ዓመት የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም።

ስለዚህ ከ1988 በፊት የተሠራ ካርታ ውድ ነው። ሐይቁ በራሱ ጊዜ ሲተነፍስ የነበረበትን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1982 የተነሱ የአየር ፎቶዎች አሉ። ጣሊያኖች ያነሷቸው ከ8,000 የሚበልጡ ፎቶዎችም በካርታ ሥራ ድርጅቱ ግቢ ተቀምጠው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ያነሳቸው ኮሮና የሚባሉት ምስሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ከምሥጢርነት ወጥተዋል። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ሊያያቸው ይችላል፤ የተነሱበት ቀንም ተጽፎባቸዋል። የናቤጋ ልጅ፣ ለአንተ ዋናው ነገር ቀኑ ነው።

የወረታ ልጅ

እኔ ግን አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ሁላችሁም ረግረጉ ጠፋ ብላችሁ ታዝናላችሁ። እኔ ከዚያ ረግረግ የበላሁ ሰው ነኝ። ሩዝ ከመምጣቱ በፊት ፎገራ ክረምት ክረምት ውኃ ተኝቶበት ጤፍ የማይሆን፣ በረሃብ የሚታወቅ መሬት ነበረው። በደርግ ጊዜ ጅግናና ሻጋ ላይ ሩዝ ሲሞከር ሰው ይስቅ ነበር። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፣ መፈልፈያው ሌትም ቀንም አያርፍም። እኔን ያስተማረኝ ሩዝ ነው። ረግረግ ብቻ ነበር ብላችሁ አትለፉት፣ ሰው በልቶበታል።

ቀያሽ ነበርኩ

የወረታ ልጅ፣ እውነትህን ነው፤ ማንም አይቀየምህም። ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን መሬት የሚወድ ሰብል ነው፣ እዚያ መዘራቱ ጥበብ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከሩዙ በኋላ የመጣው ነው። በጋ ላይ በፓምፕ ውኃውን እየሳቡ ሽንኩርት ማልማት ተጀመረ። ሸሸርና ወላላ የሚባሉትን ረግረጎች ታውቃለህ። በእኛ ጊዜ በበጋም ውኃ ነበራቸው፣ ወፍ ሰማዩን ይሸፍነው ነበር። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ትርፉን የሚቀበሉት እነሱ ነበሩ። በነሐሴ 1998 ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ጎርፍ ሲመታ፣ ውኃው የሄደው ካርታው ላይ ሰማያዊ ሰረዝ ወዳለበት ነው። መሬቱ ያስታውሳል። ቤት ለመሥራት ቦታ ለምትመርጡ ልጆች የምመክረው ይህን ብቻ ነው፤ የድሮውን ካርታ እዩ፣ ሰረዙ ላይ አትሥሩ።

የወረታ ልጅ

ጋሼ፣ ይሄን እቀበላለሁ። የ98ቱን ጎርፍ አይቼዋለሁ። ቆጥ ላይ ነው ያደርነው።

የናቤጋ ልጅ

ለሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራውን ጨርሼ ልመለስ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የግንቦቱን ምስል ትቼ የታኅሣሥ ምስል ፈለግሁ። ሰብለ እንዳለችው ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትሩ አብዛኛው ጠፋ። ሐይቁ ወደ ድሮው መስመር ተመልሶ መጣ፣ ከወንዝ አፎቹ በስተቀር። የርብ አፍ አካባቢ መሬቱ እውነትም ወደ ሐይቁ ገፍቷል፣ ያ ደለል ነው። በሌላው ቦታ ግን ሐይቁ አልሸሸም። የሸሸው ረግረጉ ነው። ሰማያዊ ሰረዝ ያለበትን ሁሉ በእስክሪብቶ ከብቤ ከታኅሣሡ ምስል ጋር ሳየው፣ በእኛ ቀበሌ በኩል ከጥቂት ቁራጭ በስተቀር ሁሉም የታረሰ ነው። እኔ ሐይቁን ስፈልግ ዓይኔ ሥር የነበረው ያ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ወረድን። ካርታውን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ስልኬን ጂፒኤስ አድርጌ። ካርታው ረግረግ የሚልበት፣ ዛሬ የጎረቤታችን ማሳ የሆነ ቦታ ላይ ቆምን። ሩዙ ታጭዷል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ እጄን እስከ ክርን ያስገባል። አጎቴ አካፋ ተቀብሎ ከስንጥቁ አጠገብ ቆፈረ። ላዩ ጥቁር መረሬ ነው። ጉልበት ያህል ሲወርድ ግራጫ ሆነ፣ ይሸታል፤ የኩሬ ሽታ ነው። ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወጣ፣ ጥፍር የምታክል፣ ብዙ። ከዚያ ቡናማ፣ አውራ ጣት የሚያክል የበሰበሰ ሥር። አጎቴ በጣቱ ሲፈረክሰው ውስጡ ክር ክር አለ። "ደንገል" አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም፣ ትንሽ ቆየና ጉድጓዱን መልሶ ደፈነው። ማሳው የሰው ነውና።

ስንመለስ ካርታውን ቤት ዘረጋንለት። በላቲን ፊደል የተጻፉትን የቦታ ስሞች እያነበብኩ ጠየቅሁት። ሁለቱ ከቦታቸው ውጪ ናቸው አለ። አንዱ ደግሞ እንደዚያ አይጠራም አለ፤ የጻፈው ሰው ሲጠይቅ የመለሰለት እረኛ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሳቀ። ካርታው ላይ ጨርሶ ያልተጻፉ ስሞች ነገረኝ። ውኃ ሲሞላ ከብት የሚሻገርበት፣ ጉማሬ የሚወጣበት፣ ታንኳ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ስም አለው። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ግማሾቹን ታናሽ ወንድሜ ሰምቶ አያውቅም።

ስለዚህ ይሄን አሰብኩ። የተስተካከለውን ካርታ አሳትሜ፣ ስሞቹን በአማርኛ ሽማግሌዎች እንደሚጠሯቸው ልጽፍበት ነው። ውኃው በመስከረም የት እንደሚደርስ፣ በግንቦት የት እንደሚቆም ሁለቱንም መስመር አሠምራለሁ። የወረታ ልጅ፣ ላንተም አንድ ቅጂ እልካለሁ። ሁለቱን ቤተሰቦች አንድ ላይ አስቀምጠህ አሳያቸው።

የወረታ ልጅ

ላክልኝ። ግን ሳይታተም በፊት ሽማግሌዎቹን ልጠይቅና የመስከረሙን መስመር በእኛ በኩል እኔ ላሠምረው። ዛፍና ድንጋይ ምልክት አላቸው።

ቀያሽ ነበርኩ

እንደዚያ አድርግ። እያንዳንዱ መስመር አጠገብ ወሩንና ዓመቱን ጻፉ፣ ማን እንዳሳያችሁም ጻፉ። ሳትጽፉት የምታልፉት ነገር ሁሉ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ቀያሽ ጥያቄ ይሆንበታል። እኔም ሣጥኔ ውስጥ የድሮ የመስክ ማስታወሻ ደብተሮች አሉኝ፣ እፈልጋለሁ።

ደንገል

ፎቶው ደረሰኝ። አባቴን አሳየሁት። ደብረ ማርያም ጋ ያለው ረግረግ ውስጥ በጣቱ መንገድ ሠመረ፤ በታንኳ እንዴት እንደሚገባ። ካርታው ላይ መንገድ የለም፣ እሱ ግን ሦስት ያውቃል። በእስክሪብቶ ሥያቸዋለሁ፣ ስማቸውንም ጠይቄዋለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።

ደልጊ

የደምቢያን በኩል ለእኔ ተዉልኝ። ባዶውን ቅጂ ላኩልኝ፣ በ20137 የተስተካከለውን።